«ቶሎ ለቀቅሽው»

ፍሬን አየር ሲይዝ ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ሥር ተጋድሞ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ይፈታል። «ርገጪ!» ይላል ከታች ያለው። «ረግጫለሁ» ትላለች። ይፈታል፤ አረፋና ዘይት ይወጣል፤ ያጠብቃል። «ልቀቂ!» ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። በእኛ ቤት ከታች የምተኛው እኔ፣ የምትረግጠው ባለቤቴ ነበረች። ስለዚህ ፍሬኑ እንቢ ያለ ጊዜ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም።

መኪናዋ የአማቴ ቅርስ ናት፤ ባለ ሁለት በር ፊያት 124 ስፖርት፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 ከሠራቸው አንዷ። አባባ በሕይወት ሳሉ ሲያጥቧት እንኳ የሌላ ሰው እጅ አያስነኩም ነበር። እኔም ከወረስናት ቀን ጀምሮ ጋራዥ አላስገባትም ብዬ ራሴን ባለሙያ አደረግሁ። (ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው።)

በ1999 ዓ.ም. ጥር ወር የባለቤቴ እኅት ልጅ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ላይ ልትዳር ነበር። ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደውን አሮጌ የፍሬን ቱቦ ለወጥኩ። ከዚያም ኋላዋን በክሪክ እንዳነሣሁ አየሩን ማስወጣት ጀመርን። ከፊት ጎማዎቹ ዘይቱ በደንብ ወጣ። ከኋላ ግን ጠብ ጠብ ብቻ ይል ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ደከምን። ፔዳሉ ደጋግመው ሲረግጡት ይጠነክራል፤ ጥቂት አርፈው ሲረግጡት ይሰምጣል። እንዲህ ያለው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የአየር ነው። እግርዎ ሳይነሣ ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነና ዘይት የሚያፈስስ ቦታ ከሌለ ግን የማስተር ሲሊንደሩን የውስጥ ላስቲክ ይጠርጥሩ። በአሮጌ መኪና ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለሉ እንዳይወርድ ከሥሩ እንጨት ያድርጉ፤ ላስቲኩ ደርሶበት የማያውቀው የሲሊንደሩ ክፍል ዝገት ሊኖረው ስለሚችል ይቀድደዋል።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የማላውቀውን ግን በእሷ ላይ አላከክሁ።

«ቶሎ ለቀቅሽው!» አልኳት፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመው እያዩን።

«ኧረ አልለቀቅሁም።»

«ታዲያ አየሩ ከየት መጣ?»

መልስ አልሰጠችም። ገብታ እጇን ታጠበች።

የጉዞው ዕለት ጠዋት «ጸልየን እንውጣ» አለች። ፔዳሉ ልል መሆኑን እያወቅሁ «ጌታ ሆይ፣ መንገዳችንን ጠብቅልን» ብዬ ጸለይኩ። ስለ ፔዳሉ ግን ስትጠይቀኝ «ሲነዳ ይጠነክራል» አልኳት። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ሁለት ጊዜ ሰመጠብኝ። ደጋግሜ እየረገጥሁ አለፍኩ፤ እሷም እግሬን ታይ ነበር።

ሙከ ጡሪ ላይ ታጥፈን ለሚ ስንደርስ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከፊት ለፊት የጀማ ሸለቆ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከሺህ ሜትር በላይ ወደ ወንዙ ይወርድና ማዶ ወደ መርሐቤቴ ይወጣል። ባለቤቴ አቁም አለችኝ።

«ከዚህ አልወርድም። ልጆቼንም አላወርድም።»

ትክክል ነበረች። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። የእኔ የኋላ ፍሬን ውስጥ አየርም አሮጌ ዘይትም ነበረ።

ሻይ ቤት ደጅ የቆመ የአይሱዙ ሾፌር መጥቶ መኪናዋን አየና ሳቀ። ቀድሞ አዲስ አበባ በላዳ ታክሲ ሠርቷል። «የላዳ እናት አይደለች እንዴ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት የጀመሩት ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ ነው።

«ጋሼ፣ አየሩን ሲያስወጡ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ነበር?»

ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ከኋላ፣ ከመኪናዋ ሥር፣ ዘንግ ያለው የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ አለ። ሲፈሬን ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኋላዋ ከፍ ይላል፤ መቆጣጠሪያው ይህን አይቶ የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ ግፊቱን ይቀንሳል። እኔ ኋላዋን በክሪክ ሳነሣ ጎማዎቹ ወደ ታች ተንጠለጠሉ፤ መቆጣጠሪያውም ኋላዋ ባዶ የሆነ መስሎት መንገዱን አጠበበው። ባለቤቴ ስትረግጥ ብትውል አየሩ መውጫ አልነበረውም።

የኋላ ጎማዎቹን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነድተን አወጣናቸውና የፊቶቹን ደገፍን፤ ሸክሙ በጎማዎቹ ላይ እንዳለ ከሥር ለመግባት በቂ ቦታ ተገኘ። ሾፌሩ ከራሱ ዕቃ ዘይት ሰጠን። ሥራው የሚጀመረው ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው፣ ከኋላ ቀኝ ነው። ተጋደምኩ። «ርገጪ» አልኩ፤ ድምፄ የቅዳሜው አልነበረም። ጥቁር ዘይት ከአረፋ ጋር ተንፎለፎለ። ጠርሙሱን እያየን ግራውንም ጨረስን።

«ቆመ» አለች ከላይ። «ድንጋይ ሆነ።»

ከሥር ለመውጣት አልቸኮልኩም። ወጥቼም «ይቅር በይኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልኳት።

«ቅዳሜ ልጆቹ ፊት ነው ያልከው» አለች።

በሁለተኛ ማርሽ ቁልቁል ስንወርድ ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ክሪኩን፣ መቆጣጠሪያውን፣ ሁሉንም። ትልቁ ጥቂት አሰበና «ስለዚህ እማዬ ቶሎ አልለቀቀችም?» አለ።

«አልለቀቀችም።»

የጀማ ድልድይ ስንደርስ ፍሬኑ እንዲበርድ ቆምን። ባለቤቴ ዞራ መጥታ በሬን ከፈተች። «ውረድ፤ የአባቴ መኪና ናት» አለች። ከዚያ እስከ ዓለም ከተማ ዳገቱን የነዳችው እሷ ናት።