ነባርና እንግዳ

በሀገራችን ባህል እንግዳ ሲመጣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፤ ነባሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለመጪው ቦታ ይለቃል፤ ከማዕዱም የተሻለው ለእንግዳው ይቀርባል። ሰውን ከሰው ሲያስተሳስር የኖረ፣ የከበረ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ከእኛ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እየኖረ ይህንን ሥርዓት ፈጽሞ የማይቀበል ፍጡር አለ፤ ይኸውም ድመት ነው። ለሰው ደግነት የሆነው ድርጊት ለድመት ወረራ ነው። በድመት ሕግ እንግዳ በአንድ ጊዜ አይገባም፤ አስቀድሞ ጠረኑ፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ ከዚያም መልኩ፣ በመጨረሻ አካሉ ይገባል። ግልገል ድመትን ከነባር ድመት ጋር ማስተዋወቅ ተራ የጓዳ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። በእኛ ቤት ግን የአንዲት አሮጊት ድመት ሕይወት በሚዛን ላይ የተቀመጠበት ጉዳይ ስለ ነበር፣ ያየሁትንና የተማርኩትን ለአንባቢ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የድመትን ጠባይ ለመረዳት ወደ አመጣጡ መለስ ማለት ያሻል። የቤት ድመት ምንጩ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖረው የዱር ድመት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘር ጥናት አመልክቷል። ሰው እህሉን በጎተራ ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትሎም ድመት መጣ። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብሮ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ ዘመን ቢያልፍም የቀድሞው ኑሮ አሻራ አልጠፋም። የውሻ ቅድመ አያት በመንጋ ሲያድን የኖረ ነው፤ የድመት ቅድመ አያት ግን ብቻውን አድፍጦ፣ ብቻውን ይዞ፣ ብቻውን የሚበላ ነበር። አንዲት አይጥ ለሁለት አትበቃምና! በየጎዳናው ተሰባስበው የሚታዩት ድመቶችም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ ልጅና እኅት የሆኑ የአንድ ዘር ሴቶች ናቸው። «ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ለወቀሳ የተነገረ ቢሆንም፣ እንደ ፍጥረት ጥናት ከተወሰደ ትክክለኛ አስተያየት ነው።

በዚህ ረገድ የእኛን ስም ተሸክሞ ዓለምን የዞረ አንድ ድመት ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1868 የመቅደላው ዘመቻ ሲያበቃ ከዚህ ወደ እንግሊዝ የተወሰደ «ዙላ» የተባለ ድመት እንደ ነበረ በ1874 የታተመ የጎርደን ስቴብልስ መጽሐፍ ያወሳል። ዙላ የእንግሊዝ ጦር ያረፈበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ «አቢሲኒያን» የተባለ የድመት ዘር በዓለም ታወቀ፤ የኋላ ዘመን የዘር ምርምር ግን የዚህን ዘር ምንጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ይወስደዋል። ሰው ለድመት የሀገር ስም ያወጣል፤ ድመት ግን ሀገሩን የሚያውቀው በስም ሳይሆን በጠረን ነው። በጉንጩ፣ በግንባሩ፣ በመዳፉና በጅራቱ ሥር የጠረን እጢዎች አሉት። የበሩን መቃን፣ የወንበሩን እግር፣ የባለቤቱን ቁርጭምጭሚት ሲታከክ የወሰን ድንጋዩን መትከሉ ነው።

የቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ይህንን ወሰን ለማካለል የተመቹ ነበሩ። ከኢምፔሪያል ሆቴል ስሙን የወሰደው የእኛ ሰፈር፣ ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚዘልቀው የቀለበት መንገድ ላይ ያለ፣ ዛሬ ፎቅ የበዛበት ሰፈር ነው። እናቴ የኖረችበት ግቢ ግን ዋና ቤት፣ ከጓሮ ማድቤት፣ ከማድቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ ጣራና አጥር ነበረው። ባዕድ ድመት ሲመጣ አንዱ ጣራ ላይ፣ አንዱ ማድቤት ሆኖ፣ ርቀቱን ራሳቸው ለክተው ይኖሩ ነበር። ከኢምፔሪያል ጎን ባለው በገርጂ በ1996 ዓ.ም. ግድም የሙከራ ሕንፃዎች ተሠርተው የጋራ መኖሪያ ቤት ከተስፋፋ ወዲህ፣ ብዙዎቻችን ኑሯችን በፎቅ ሆኗል። በፎቅ ቤት ጣራው የሁሉም ነው፤ አጥር የለም፤ ማድቤቱም ሁለት እርምጃ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ግቢው ይሰጥ የነበረውን ርቀት ዛሬ ሰው በእጁ መሥራት አለበት።

ውሪት የእናቴ ድመት ናት። እናቴ ካረፈች በኋላ ግቢው ተሸጦ ለወራሾች ሲከፋፈል፣ ለእኔ የደረሱኝ ከገንዘቡ ይልቅ የማከብራቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንድ ያረጀ ጋቢና የ12 ዓመት ድመት። ውሪት በዚያ ጋቢ ላይ ትተኛለች። ሌላ ሰው ቢነካው ዐይኗን አጥብባ ትመለከታለች። እናቴ ታወራት እንደ ነበረው የሚያወራት ስለ ሌለ፣ አንዳንድ ማታ እኔው አወራታለሁ።

በሐምሌ ዝናብ አንድ ምሽት ልጄ ከሥጋ ቤቱ ጎን ከቆርቆሮ ሥር ያገኘቻትን፣ 800 ግራም የማትሞላ ግልገል በሹራቧ ጠቅልላ መጣች። «አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ ትደር» አለች። እንዲህ ያለች «ዛሬ» በቶሎ እንደማትመሽ ዕድሜ አስተምሮኛል። ጎረቤታችን የሆኑት እናት ወሬውን ሰምተው መጡና፣ «አንተ ልጅ፣ ፊት ለፊት አገናኛቸውና ይለይላቸው፤ ተጣልተው ይታረቃሉ» አሉኝ። «እማማ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው ሽማግሌ አለው፤ እነዚህ ግን የላቸውም፤ መጀመሪያ የተጣሉበትን ቀን አይረሱም» ብዬ መለስኩላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሣቁ።

ግልገሏ በልጄ ክፍል በሩ ተዘግቶባት፣ የራሷ ሳህን፣ የራሷ ውኃ፣ የምትሸሸግበት ካርቶንና አሸዋ የተሞላ የላስቲክ ሳፋ ተሰጣት። ይህ መለያየት ለሁለት ነገር ይበጃል። አንደኛ፣ ከጎዳና የመጣ ድመት ቁንጫ፣ የሆድ ትልና ተላላፊ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሐኪም ሳያየው ከነባሩ ጋር መቀላቀል የለበትም። ሁለተኛ፣ ነባሯ ከቤቷ አንዳች ነገር እንዳልተወሰደባት ማየት አለባት።

ይሁንና ውሪት በበሩ ሥር ያለፈውን ጠረን አሽትታ፣ ጅራቷ እንደ መጥረጊያ አብጦ፣ አልጋ ሥር ገባች። የምትወደውን ጉበት ብናቀርብላት አልነካችም። ሌሊቱን ግልገሏ ስትጮኽ፣ እርሷ በጨለማው ውስጥ ዐይኗን ፈጣ ታዳምጣለች። በሁለተኛውም ቀን አልበላችም። የእንስሳት ሐኪሙ ነገሩን ሲያስረዳን፣ ድመት ለተከታታይ ቀናት ካልበላ፣ በተለይም ወፈር ያለ ከሆነ፣ የሰውነቱ ስብ ወደ ጉበቱ ተጠራቅሞ ሊገድለው እንደሚችል ነገረን። ልጄ ፊቷ ተለወጠ። አንዲቱን ለማዳን ሌላይቱን ወደ ዝናቡ መመለስ ሊኖርብን ነውን? ማንኛችንም ጥያቄውን በቃል አላወጣነውም፤ ግን በቤቱ ውስጥ እንደ ጢስ ተንሳፎ ነበር።

የጋቢውንና የሳህኑን ቦታ ከግልገሏ በር አርቀን ወደ ማድቤቱ ጥግ ወሰድን። ጉበቱን ለብ አድርጌ፣ በጣቴ ይዤ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ሦስት ቁራጭ በላች። ሦስት ቁራጭ ጉበት የቤተሰብን ፊት እንዲያ ሊያበራ እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። በነጠላ ቁራጭ የግልገሏን ጉንጭ አብሰን ከውሪት ሳህን ራቅ አድርገን አኖርነው። በመጀመሪያው ቀን ጥርሷን አሳይታ ሸሸችው፤ በአራተኛው ቀን አሽትታ አልፋው ሄደች። ቀጥሎ ክፍል አለዋወጥናቸው፤ አንዷ የሌላይቱን ቦታ ባለቤቷ በሌለችበት መረመረች። ከዚያም ሳህኖቻቸውን በተዘጋው በር ግራና ቀኝ አድርገን፣ ያለ ፍርሃት በበሉ ቁጥር በየቀኑ አንድ ስንዝር አቀራረብናቸው። የጠላት ጠረን ከምግብ ጋር ተደጋግሞ ሲመጣ ጠላትነቱ እየቀለለ ይሄዳል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለዚህ ነው። በሩን በሽቦ ወንፊት ተክተን መልክ ለመልክ የተያዩት በሦስተኛው ሳምንት ሲሆን፣ ያለ ወንፊት የተገናኙት ደግሞ ከዚያ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

በዚያች አምስት ደቂቃ ውሪት «ኽስስ» አለች፤ ግልገሏ ስትጠጋት ጥፍሯን ሳታወጣ በመዳፏ ራሷን መታቻት። ልጄ ልትቆጣ ስትነሣ ያዝኳት። ይህ ድምፅ ጥል አይደለም፤ «እስከዚህ ድረስ» የሚል ቃል ነው። ነባር ድመት ቃሉን በመናገሩ ከተቀጣ፣ ቀጥሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቧጭራል። ጆሮ ተለጥፎ፣ ፀጉር ቆሞ፣ ጩኸት ከተነሣ ብቻ በመካከላቸው ትራስ ጣል አድርጎ መለየት ይበቃል፤ እጅ ማግባት ግን አይገባም። አንዷ አሳዳ፣ በተራዋ የምትሳደድ ከሆነ ደግሞ ጨዋታ ነው።

ግልገሏ ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከተበች። ዛሬ በቤታችን ለሁለት ድመት ሦስት ሳፋ አሸዋ አለ፤ አንዷ የሌላይቱን መንገድ እንዳትዘጋ። ተላልሰው፣ ተቃቅፈው አይተኙም። ጎረቤታችን ይህንን አይተው፣ «ታዲያ ምኑን ታረቁ?» ይሉኛል። እኔ ግን የጎደለ ነገር አይታየኝም። ፍቅር በማንም ላይ የሚጫን ግዴታ አይደለም፤ በሰላም አብሮ መኖር ግን ሊደራጅ የሚችል ነገር ነው። የሚደራጀውም ነባሩ የነበረውን ሳያጣ፣ መጪውም የራሱ የሆነ ጥግ ሲያገኝ ነው። ግልገሏ ፀሐይ የሚገባበትን የመስኮት ደፍ ይዛለች። ጋቢው አሁንም የውሪት ነው።