ያልተጻፈው ማድ ቤት

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ሰፈር እናቴ ከ50 ዓመት በላይ የኖረችበት የጭቃ ቤት ነበረን። ቦታው ለልማት ይፈለጋል ተብሎ ለመለካት የመጡ ዕለት እማዬ ቡና አፍልታ ተቀበለቻቸው፤ ሲወጡም መርቃ ሸኘቻቸው። ወረቀቱ እጃችን ሲገባ ግን ማድ ቤቱ አልተጻፈም። የጓሮው ጌሾም የለበትም። እኛን አምስት ልጆቿን ጠላ ሸጣ ያሳደገችን በዚያ ማድ ቤትና በዚያ ጌሾ ነው።

"ተዉት ልጆቼ፣ በ800 ብር የተሠራ ቤት ነው፤ ምን ያከራክረናል?" አለች።

እኔ ግን ነርስ ነበርኩ። በሥራ ዘመኔ ለአዳዲስ ነርሶች ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፦ ካርዱ ላይ ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ካሳም እንዲሁ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ካሳ የሚከፈለው ለአፈሩ ሳይሆን በላዩ ላይ ላፈራነው ነው፤ ለቤቱ፣ ለአጥሩ፣ ለተክሉ። ቤቱም የሚገመተው ያኔ በወጣበት ገንዘብ ሳይሆን ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ በሚጠይቀው ወጪ ነው። የእማዬ 800 ብር በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

የልጅ ልጇ በስልኩ ፎቶ አነሳ። እኔ ክፍል በክፍል፣ ከመሠረት እስከ ቆርቆሮው ጻፍኩ። ካርታውንና የግብር ደረሰኞቹን አያይዘን የቅሬታው ጊዜ ሳያልፍ አስገባን። ማድ ቤቱ እንደገና ተለክቶ ተካተተ። ጌሾው ግን ቀረ፤ እኛ ፎቶ ልናነሳው ስንደርስ እማዬ ነቅላ ለጎረቤት መታሰቢያ አድላው ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ማሰቡ ደግ ነው። ሆኖም ጠዋት ጠዋት በሯን አንኳኩታ "የደም ግፊቱን ኪኒን ዋጥሽ?" የምትላት ጎረቤታችን ወደ ሌላ ሰፈር ሄዳለች። ያንን በብር የሚተምን አላገኘሁም። ስለዚህ ወንድሞቼ ስለ ክፍፍል ሲያነሱ፣ "መጀመሪያ እማዬ ደረጃ የሌለው ቤት፣ ከአንዳችን አጠገብ" አልኩ። ተስማሙ።

እናንተም ለካሽ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቅዳሜ ከሰዓት ካርታችሁን ፈልጉ፤ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ቤቱን ዙሩ፤ ማድ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን፣ ዛፉን በቀን ጻፉ።

እማዬ አሁን ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ናት። ኪኒኗን የማስታውሳት እኔ ነኝ። አንዳንድ ጠዋት ግን ቀድማኝ ትነሳና በሩን ከፍታ ታያለች።