ማኅተሙ ማን ዘንድ ነው?

አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ሲያቋርጥ ሰበቡ ብዙ ጊዜ እሳት ወይም ጎርፍ አይደለም። ማኅተም ያዡ ሥልጠና ሄዷል። የካዝናው ቁልፍ የዓመት ፈቃድ ከወጣው ሰው ጋር ቀርቷል። «ሲስተም የለም»፤ መብራትም የለም። ባለጉዳዩ «ነገ ተመለሱ» ተብሎ ይሸኛል።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ እህል በረንዳ የሚባለውን የመርካቶ የእህል ገበያና አካባቢውን በሚያገለግሉ ጽሕፈት ቤቶች ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ በንግድ ፈቃድ፣ ቀጥሎ በነዋሪነትና በወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ በመጨረሻም በአስተባባሪነት። እዚህ ሰፈር «ነገ ተመለሱ» ቀላል ቃል አይደለም። ወዛደሩ የሚበላው ዛሬ በተሸከመው ኩንታል ልክ ነው፤ ግማሽ ቀን ወረዳ ደጃፍ ከቆመ የግማሽ ቀን እንጀራው ቀረ። የጤፍ ነጋዴውም ፈቃዱ ሳይታደስ ከቆየ ብድሩም ውሉም ይታሰርበታል። ስለዚህ ክፉ ቀን ሲመጣ ሥራ እንዳይቋረጥ አስቀድሞ መሰናዳት፣ የሥራ ቀጣይነት ዕቅድ የሚባለው፣ የባንኮችና የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የሚከተሉት ከሥራ ላይ የተማርኳቸው ናቸው።

ውክልና በቃል አይሰጥም

«እኔ ከሌለሁ እሱ ይፈርማል» የሚባለው የሚሠራው ሁሉም ሰላም በሆነበት ቀን ነው። ችግር በመጣ ቀን «እሱ» የተባለው ባለሙያ ብዕሩን አያነሳም። አይፈረድበትም፤ ያለ ሥልጣኑ ፈረመ ተብሎ ኋላ በኦዲት የሚጠየቀው እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት መዘጋጀት ያለበት ደብዳቤ ነው። ኃላፊው በሌለ ጊዜ ማን እንደሚተካ፣ እሱም ከሌለ ማን፣ እስከ ሦስተኛ ሰው ድረስ ይጻፍበት። ተተኪው በስም ሳይሆን በሥራ መደቡ ይጠቀስ፤ በስም ከሆነ ሰውየው ሲዛወር ደብዳቤው ዋጋ ያጣል። ተተኪው የሚፈርመውና የማይፈርመውም ይለይ። የልደትና የሞት ምስክር ወረቀት፣ የመታወቂያና የፈቃድ እድሳት ይፈርም። የቦታ ጉዳይ፣ የቀበሌ ቤት ውል ማዛወር፣ ግዥ አይፈርም፤ እነዚህ ኃላፊው እስኪመለስ ቢቆዩ ይሻላል። ይህ ገደብ የግድ ነው የምለው ግርግር ለሌባ ይመቻል የሚባለው በወረዳ ደረጃ እንዴት እንደሚፈጸም ስላየሁ ነው።

የደብዳቤው ግልባጭ ለክፍለ ከተማው፣ ለመዝገብ ቤቱና ለጥበቃ ኃላፊው ይድረስ። ጥበቃው መዘንጋት የለበትም። ሌሊት በር የሚከፍተው፣ ማን ገብቶ ማኅተም እንዲያወጣ እንደተፈቀደለት ማወቅ ያለበት እሱ ነው። ባንክ ላይ የሚፈርሙ ተተኪዎችም በደህናው ቀን ይመዝገቡ፤ የፊርማ ለውጥ በአጣዳፊ ሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

መቆም የማይችለውን መለየት

ዕቅድ እናውጣ ሲባል እያንዳንዱ የሥራ ክፍል «የእኔ ሥራ ሊቆም አይችልም» ይላል። ክርክሩን የሚፈታው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ አገልግሎት ዛሬ ባይሰጥ ማን ምን ያጣል? ሳምንታዊ ሪፖርት ለጥቂት ቀናት ቢዘገይ የሚራብ ሰው የለም። የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች የሥራ መከታተያ ግን በጊዜው ካልተላለፈ ክፍያው ይዘገያል፤ የሚጎዱትም የሰፈሩ እጅግ ድሆች ናቸው። ፕሮግራሙ በአዲስ አበባ ከ2009 ጀምሮ ቢሠራም የሥራ መከታተያው በብዙዎች ዘንድ ተራ የቢሮ ሥራ ሆኖ ነው የሚታየው። እኔ ከዝርዝሩ አናት ላይ አኖረዋለሁ።

የሞት ምዝገባን በተመለከተ «ቀብር ወረቀት አይጠብቅም፣ ይቆይ» የሚሉ አሉ። ቀብሩስ አይጠብቅም። ጡረታው፣ ውርሱ፣ ባንክ ያለው ገንዘብ ግን ከምስክር ወረቀቱ ውጭ አይንቀሳቀስም። የባሏን ሞት ለማስመዝገብ ሐዘን ላይ ሆና የመጣችን ሴት መመለስ ከባድ ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ሥርዓት መመዝገብ የጀመሩት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፤ ሰው ገና እየለመደው ያለውን ምዝገባ በሰበብ አስባቡ ማቋረጥ ልማዱንም ያጠፋዋል።

ስለዚህ ሦስት ረድፍ፦ በዚያው ቀን መቀጠል ያለበት፣ እስከ ሦስት ቀን የሚታገሥ፣ ሁለት ሳምንት ቢቆይ የማይጎዳ። ከዚያ በላይ መከፋፈል ወረቀት ማብዛት ነው።

ሐምሌን የማያውቅ ዕቅድ

የእኛ መሥሪያ ቤቶች ጭንቅ ወር ሐምሌ ነው። ደረጃ «ሐ» ይባሉ የነበሩት ግብር ከፋዮች ከሐምሌ 1 እስከ 30 ይከፍሉ ነበር፤ የንግድ ፈቃድ እድሳትም ሐምሌ 1 ይጀምራል። ወሩ ደግሞ ክረምት ነው። መብራት ይቆራረጣል፣ መንገዱ በጭቃና በጭነት መኪና ይዘጋል፣ ጣሪያው ያፈስሳል። ሰልፉ ከግቢው አልፎ ነጋዴዎች ሸራ ወጥረው እህላቸውን ከዝናብ እስከሚከላከሉበት ይደርሳል።

2012ን ያስታውሱ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አዲስ ከተማ በሽታው ከበረታባቸው ክፍለ ከተሞች አንዱ ነበር። ገና ከዚያ ሳንወጣ፣ ሰኔ 22 ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ሐምሌ ግማሹ ድረስ ማለት ነው። ግብርና እድሳት የሚበዛበት ወር፣ ወረርሽኝና የተዘጋ መረብ በአንድ ላይ መጡ። አንድ አደጋ ብቻ እያሰበ የሚጻፍ ዕቅድ እንደማያድን ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቦታው የምናገረው ስለ ወረቀት ነው። ኮምፒውተር ሲቆም ሥራው በእጅ የሚቀጥልበት ቅጽ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ቅጹ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ በጥራዝ ይሁን፤ ስንት ጥራዝ ወጥቶ ስንት እንደተመለሰ በፊርማ ይታወቅ። ሲስተሙ ሲመለስ ደግሞ በእጅ የተሠራው ሁሉ በተወሰነ ቀን ውስጥ ይግባ፤ ሲገባም ከሠራው ሰው ሌላ ሰው ያስታርቀው። ቁጥር በሌለው ወረቀት ላይ የሚሰጥ አገልግሎት ለቀኑ ይጠቅማል፤ ኋላ ግን ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት ያቅታል። ያልተመዘገበ ፈቃድ የያዘ ሐቀኛ ነጋዴ ለማስረዳት ሲንከራተት ከማየት የመጀመሪያውን ቀን መዝጋት ይሻል ነበር እስከ ማለት ደርሻለሁ።

ጄነሬተሩን በተመለከተ፦ ነዳጁን ማን እንደሚገዛና በየወሩ ማን እንደሚያስነሳው ካልተጻፈ የለም ብሎ መቁጠር ነው።

ከእሳት ማግስት

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን እሳት ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። መተላለፊያው ጠባብ፣ ሱቁ ተደራርቦ የተሠራ፣ ሰዉ ብዙ በመሆኑ የእሳት አደጋ መኪኖች እንደ ልብ መግባት አልቻሉም። ስለ እሳት ማጥፋቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማስበው ስለ ማግስቱ ነው።

ሱቅ ሲቃጠል ከዕቃው ጋር ንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ደረሰኙ፣ የኪራይ ውሉ፣ የዱቤ ደብተሩ ይቃጠላል። ነጋዴው በማግስቱ «ይህ ሱቅ የእኔ ነበር» ብሎ ለባንክ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለመልሶ ማቋቋሚያ ኮሚቴ ማስረዳት አለበት። ማስረጃው የሚገኘው የት ነው? መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአደጋ ማግስት ሰዓት ሳያሳልፍ መከፈት ያለበት ቢሮ ያ ነው፤ ምትክ ሰነድ የሚሰጥ ልዩ መስኮትም ያስፈልገዋል። የእኛ ፋይል ከሱቁ ጋር በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዓይነት ቆርቆሮ ሥር ከተቀመጠ ግን ሁለቱም በአንድ ሌሊት ሊጠፉ ይችላሉ።

ጃፓኖች ይህን በመራራ መንገድ አይተውታል። መጋቢት 2 ቀን 2003 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ኦትሱቺ የምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ማዘጋጃ ቤቷ ተመታ፤ ከንቲባውን ጨምሮ ወደ 40 የሚጠጉ ሠራተኞች ሞቱ። የእሷና የሌሎች ሦስት ከተሞች የቤተሰብ መዝገብ ጠፋ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተጋባ የሚናገረው መዝገብ ነው። ግን ቅጂው በሕግ መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴራቸው ሥር ባለ ሌላ ቢሮ ይቀመጥ ስለነበር ከዚያ ተነስቶ እንደገና ተሠራ። ሕንፃውና ሰዎቹ አልተመለሱም፤ የነዋሪው ማንነት ግን ተረፈ።

በእኛም አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቅጂው ወደ የበላይ አካል እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው። መከታተል ያለብን በእርግጥ መሄዱን ነው። መሳቢያ ውስጥ ያለ ፍላሽ ቅጂ አይባልም። የንግድና የቀበሌ ቤት ፋይሎች ስካን ይደረጉና አንዱ ቅጂ ከመርካቶ ውጭ ይቀመጥ። ይህ እስኪሆን ድረስ ቢያንስ መደርደሪያውን ከወለሉ ከፍ ማድረግና የሚያፈስሰውን ጣሪያ መድፈን በዚህ ሳምንት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አደጋ መዋቅር ነው

አዲስ አበባ በ1995 በአሥር ክፍለ ከተሞች ተደራጀች፤ በኋላ ቀበሌዎቹ ወረዳ ሆኑ፤ በ2013 ለሚ ኩራ ተጨምራ አሥራ አንድ ሆኑ። በየመሐሉ የሥራ ክፍሎች ይጣመራሉ፣ ይከፈላሉ፤ ሠራተኛ በአዲስ ምደባ ይበታተናል፤ ቢሮ ለልማት ይፈርሳል። ፋይል በማዳበሪያ ታጭቆ በአይሱዙ ሲሄድ ያየ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። እሳትን የምንፈራውን ያህል ዝውውርን አንፈራም፤ እኔ ግን ከእሳት ይልቅ በርክክብ ጉድለት የጠፋ ፋይል ይበዛል ባይ ነኝ። ርክክብ ሳይፈጸም የዝውውር ደብዳቤ ተፈጻሚ መሆን የለበትም። ርክክቡም የወንበርና የኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን የተጀመሩ ጉዳዮች ዝርዝር ይኑርበት፤ ማን መጥቶ፣ ምን ጠይቆ፣ ምን ላይ እንደቆመ።

ዕድሩን ጠይቁ

መስከረም 1 ቀን 1994፣ እኛ አዲስ ዓመት በምናከብርበት ዕለት፣ ኒው ዮርክ በሽብር ጥቃት ስትመታ፣ የከተማዋ የአደጋ ጊዜ ማዘዣ ማዕከል ራሱ ከዓለም የንግድ ማዕከል ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነበር፤ ሕንፃውም በዚያው ቀን ፈረሰ። ከተማዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመርከብ ማቆሚያ የሆነ ሰፊ አዳራሽ ይዛ ማዕከሉን እንደገና ሠራች። ሰፊ አዳራሽ የት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ጋር እንደሆነ ማወቅ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

የእኛ ሰፈር አዳራሽ የዕድር ቤት ነው። ዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ የአባላት ስም ዝርዝርና ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ሌሊት ሰው ሲሞት ጎሕ ሳይቀድ ድንኳን ተክሎ ያድራል። መንግሥት ሲለወጥ፣ ቀበሌ ሲታጠፍ እሱ ቆሟል። ከዕድሮች ጋር በደህናው ጊዜ በጽሑፍ መስማማት ይገባል፦ የወረዳው ቢሮ ከተዘጋ ሁለት ጠረጴዛና አንድ መዝገብ ይዘን በእናንተ ግቢ እንሠራለን፤ ሰዉ እንዲያውቀው እናንተ ትናገራላችሁ። ትምህርት ቤትም ይሆናል፤ በፈተና ሰሞን ግን አይገኝም።

እህል በረንዳ ላይ ደግሞ የወዛደሮቹን አለቆችና የሌሊት ጥበቃዎችን አትለፏቸው። የትኛው መጋዘን ምን እንደያዘ፣ የትኛው መተላለፊያ በኩንታል እንደተዘጋ ከማንኛውም የቢሮ ካርታ በተሻለ ያውቃሉ።

ሠራተኛውም ቤት አለው

አብዛኛው ባልደረባችን የሚኖረው ከሥራው ርቆ፣ በከተማዋ ዳርቻ ኮንዶሚኒየሞች ነው። በኮሮና ጊዜ ታክሲና አውቶቡስ የሚጭኑት ሰው ሲቀነስ ወረዳ ድረስ መድረስ ራሱ ሥራ ሆኖ ነበር። በዕቅዱ ላይ «ባለሙያው ይገኛል» ከመጻፍ በፊት በእግሩ መድረስ የሚችለው ማን እንደሆነ ይታወቅ። አረጋዊ እናት የሚያስታምም፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሕፃን ያላት በመጀመሪያው ረድፍ አይመደቡ። ሰው ቤተሰቡን ትቶ እንዲመጣ መጠየቅ የሚቻለው ስለ ቤተሰቡ ከጠየቁት በኋላ ነው።

መሞከር

ቆጣሪ አጥፍቶ ዕቅዱን መሞከር ወጪ የለውም። ባለጉዳይ በማይበዛበት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሮቹ ይጥፉ፤ ኃላፊውም ግቢውን ለቅቀው ይውጡ፤ ስልካቸውንም አያንሱ። ከዚያ አንድ የልደት ምስክር ወረቀትና አንድ የፈቃድ እድሳት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራ። ቅጹ የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል፤ ተተኪው ውክልና እንዳለው አልሰማም ይላል፤ ቲተሩ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፉ አይገኝም። የተገኘው ጉድለት በዚያው ሳምንት ይስተካከል፤ ለግምገማ አይቆይ፤ ማንም አይቀጣበት።

ልምምዱ የሚስማማው በግንቦት ነው፤ ሰኔ ውስጥ ለማስተካከል ጊዜ ይገኛል። ውጤቱ አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፦ ተተኪዎቹ እስከ ሦስተኛው፣ ማኅተምና ቁልፍ ያዦቹ፣ በዚያው ቀን የሚቀጥሉት አገልግሎቶች፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ስልክ፣ የእሳትና አደጋ ኮሚሽን 939። ወረቀቱ በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አንድ ቅጂ በየሠራተኛው ቤት ይኑር። የተዛወረ ሰው ካለ ስሙ በዚያው ቀን ተሰርዞ የተተኪው ስልክ ይጻፍ፤ ይህን የሚያደርገውም የመዝገብ ቤት ኃላፊው ነው።