ጉዱ ካሳን ደግሜ ሳገኘው

ተማሪ ሳለሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበብኩት ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ብዬ ነው። ፍቅሩ እስኪመጣ ገጽ እዘል ነበር። ከዚያ ሥራ ተያዘ፣ ትዳር መጣ፣ ስልክም መጣ፤ ማንበብ ቀረ።

ዘንድሮ ክረምት፣ የደብረ ማርቆስ ጭጋግና ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ ደግሜ ገለጥኩት። አሁን ልቤን የወሰደው ጉዱ ካሳ ነው! ሰው እብድ ሲለው ዝም የማይል ሰው፤ በእኔ ዕድሜ ከፍቅረኞቹ ይልቅ እሱ ያሳዝናል።

ይበልጥ የገረሙኝ ግን ደራሲው ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ የእኛው የእንዶዳም ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው። ከቤተ ክህነት ትምህርት ወደ ዘመናዊው፣ ከዚያ ጠላትን ለመውጋት ጦር ሜዳ፣ ተማርከው ጣሊያን አገር እስር ቤት። ሲመለሱ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆኑ። ልቦለዱ የታተመው ግን በ1958 ዓ.ም. ነው። አስሉት እንግዲህ፣ ሃምሳ አምስትን ተሻግረዋል። ሌሎቹ ልቦለዶቻቸው፣ «ወንጀለኛው ዳኛ»ና «የልም እዣት»፣ ደግሞ ያኔ ገና አልመጡም ነበር።

እኔም መጻፍ ባሰብኩ ቁጥር «ጊዜው አልፎብኛል» የምትለው ሰበቤ እዚህ ላይ አፈረች።

እናም ልጽፍ ተነሳሁ። ማታ ማታ፣ ልጄ በጨረሰችው የሒሳብ ደብተር የተረፉ ገጾች ላይ። ትናንት አጠገቤ ቆማ አየችኝና «አባዬ፣ አንተም የቤት ሥራ ሰጡህ?» አለችኝ። ያውም ቀን ሳይቆረጥለት!

«የልም እዣት» ያላችሁ የማርቆስ ሰዎች፣ እባካችሁ አውሱኝ። እመልሳለሁ።