ባለቤቱን የሚከለክል፣ ሌባውን የሚያሳልፍ ቁልፍ

አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለብዙ ዓመታት በልብስ ሳጥኔ ግርጌ ተቀምጦ ነበር። ባለፈው ጥቅምት አውጥቼ ማስነሻውን ስጫነው፣ በጥቁሩ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ የቁልፍ ሥዕልና አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ብቅ አሉ። ዊንዶውስ ገና አልተነሣም፤ የሚጠይቀኝ ከእርሱ ቀድሞ የሚነቃው፣ ባዮስ የሚባለው የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም ነው። የሚጠይቀኝም እኔው ራሴ በ2015 የሰጠሁትን የይለፍ ቃል ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቃሉን አላስታወስሁትም።

ላፕቶፑ ለዶክትሬት ጥናቴ በምሥራቅ ጎጃም የገጠር ቀበሌዎች ስዘዋወር የያዝሁት ነው። ገበሬዎችን ስለ ዕዳቸው እጠይቅ ነበር፤ ከማን እንደተበደሩ፣ በምን ያህል ወለድ፣ መሬታቸውን ለማን እንዳከራዩ። እንዲህ ያለው ነገር ለጎረቤት አይነገርም። አንዲት እናት ከሟች ባለቤታቸው ወንድም የተበደሩትን ገንዘብ ከነገሩኝ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ። «አይወጣም፣ እማማ» አልኋቸው። ቃሌን የምጠብቅበት ዘዴም ነበረኝ። የእያንዳንዱን መጠይቅ ቁጥር ከመላሹ ስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ከዚህ ላፕቶፕ በቀር የትም አልተቀመጠም፤ ላፕቶፑም ያለ ይለፍ ቃል አይነሣም። ለዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በጽሑፍ ያረጋገጥሁት ይህንኑ ነው።

አሁን ከጥናቱ አንዱን ክፍል ለማሳተም ስሰናዳ፣ አንድ ገምጋሚ የሁለቱ ዙር መጠይቆች በእርግጥ ለእነዚያው ቤተሰቦች የቀረቡ መሆናቸውን እንዳጣራ ጠየቀኝ። ይህን ማጣራት የሚቻለው በስሞቹ ዝርዝር ብቻ ነው።

ሁለት ሳምንት ሞከርሁ። ሦስት ጊዜ ስሳሳት ማሽኑ ይቆማል፤ አጥፍቼ እንደገና አስነሣዋለሁ። የቃሉን ሥር የማውቀው መሰለኝ፤ ያጣሁት መጨረሻው ላይ የለጠፍሁትን ቁጥርና ምልክት ነው። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲው የይለፍ ቃላችንን በየጊዜው እንድንቀይር ያስገድደን ስለነበር፣ አንዱን ቃል በልዩ ልዩ ጅራት እያፈራረቅሁ እጠቀም ነበር።

ይህ ልማድ የተወለደው ከቤቴ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ ነው። እኔ በምኖርባት በሲልቨር ስፕሪንግ ካውንቲ፣ በሞንትጎመሪ፣ ጌይዘርስበርግ ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይገኛል። በ2003 በዚያ ይሠሩ የነበሩት ቢል በር ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባዘጋጁት መመሪያ፣ የይለፍ ቃል ትልልቅና ትንንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ቢቀላቀልበት፣ በየጊዜውም ቢቀየር ይበጃል ብለው መከሩ። ምክሩ ከመንግሥት ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ። በ2017 ግን ጡረታ የወጡት ቢል በር ከምክራቸው በብዙው እንደሚጸጸቱ ለዎል ስትሪት ጆርናል ተናገሩ፤ ተቋሙም በዚያው ዓመት ባወጣው አዲስ መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየሩ እንዲቀር አደረገ። ሰው ቃሉን በግድ ሲቀይር አዲስ ቃል አይፈጥርም፤ በአሮጌው ላይ አንድ ቁጥር ይጨምራል። ይህን ለገማች ማወቅ ቀላል ነው፤ ለማስታወስ ግን ከባድ ነው።

የማይክሮሶፍት ተመራማሪው ኮርማክ ሄርሊ በ2009 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ተጠቃሚዎች የደኅንነት ምክርን ችላ ማለታቸው ከወጪና ከጥቅም ስሌት አንጻር ምክንያታዊ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ምክሩ የሚፈጀው ጊዜ በየቀኑ በሁሉም ላይ ይወድቃል፤ የሚያስቀረው ጉዳት ግን የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው። የተጠቃሚው ጊዜ ዋጋ እንደሌለው ስለሚታይ ማንም ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ይህን ጽሑፍ ደግሜ ሳነብ ፍርዱ ሙሉ በሙሉ ለእኔ የተሰጠ መሰለኝ። ችግሩ ያለው መመሪያ አውጪዎቹ ጋ ነው አልሁ።

ወደ አምራቹ ድርጅት ስደውል መልሱ አጭር ነበር፤ ማዘርቦርዱ ይቀየር። በጥንት ማሽኖች ይህ ቃል የሚቀመጠው በትንሽ ባትሪ በሚጠበቅ ማኅደረ ትውስታ ስለነበር፣ ባትሪውን ነቅሎ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር። ኋላ ግን ያለ ኤሌክትሪክ በሚያስታውስ ቺፕ ላይ ይጻፍ ጀመር። ብናደድም የድርጅቱ አቋም እንደ ኢኮኖሚስት ይገባኝ ነበር። በስልክ ማዶ ያለው ሠራተኛ ባለቤትን ከሌባ የሚለይበት መንገድ የለውም። ጆርጅ ኤከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ያሳዩት ችግር ዘመድ ነው፤ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ማየት ሲሳነው፣ የሐቀኛው ዋጋ ከአታላዩ ጋር አብሮ ይወርዳል።

በመጨረሻ አሌክሳንድርያ ኮምፒውተር የሚጠግኑ አንድ ሰው እንዳሉ ሰማሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ተሳፍሬ፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው ተሻግሬ፣ ላፕቶፑን ታቅፌ የፖቶማክን ድልድይ አለፍሁ። ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ወርጄ ሱቃቸው ስደርስ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ማሽኑን ገና ሳይነኩ «እኅቴ፣ የተገዛበት ደረሰኝ አለሽ?» አሉኝ። ቅር አለኝ። ያገሬ ሰው በዐይን አይቶ ያምነኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን በርካሽ የተገዛ የተቆለፈ ላፕቶፕ ይዞ «ወደ አዲስ አበባ ልልከው ነው፣ ክፈቱልኝ» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ነገሩኝ። ደረሰኙን ከአሮጌ ኢሜይሌ ፈልጌ አሳየኋቸው፤ ቁጥሩን ከማሽኑ ጀርባ ጋር አስተያዩ።

ከዚያ «የምትፈልጊው ማሽኑን ነው፣ ወይስ ውስጡ ያለውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ውስጡ ያለውን ነው አልሁ። ብሎኖቹን ፈቱ፣ ሃርድ ዲስኩን አወጡ፣ በዩኤስቢ ገመድ ከራሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። ፋይሎቼ በሙሉ ተዘረዘሩ። የስሞቹንም ዝርዝር ከፈቱትና «ይኸው!» አሉኝ። የእማማ ስም ከነቀበሌያቸው በማላውቀው ሰው ስክሪን ላይ በራ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይዝጉት» አልሁ። ዘግተው ፊታቸውን መለሱ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

የማስነሻው የይለፍ ቃል ማሽኑን እንጂ ዲስኩን አይቆልፍም። ዲስኩ ካልተመሰጠረ፣ ወይም የራሱ የይለፍ ቃል ከሌለው፣ ብሎን መፍቻ ላለው ሰው ሁሉ ክፍት ነው። እኔን ሁለት ሳምንት ደጅ ያስጠናኝ በር ሌባን ሩብ ሰዓት አያቆይም ነበር። የኮሚቴው ቅጽ «ኮምፒውተሩ በይለፍ ቃል የተጠበቀ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» ብያለሁ። መልሱ እውነት ነበር፤ የሚጠብቀው ነገር ግን አልነበረም።

ወደ ቤቴ ስመለስ የሄርሊ ሳይሆን የሮስ አንደርሰን ክርክር ነበር በአእምሮዬ የሚመላለሰው። የካምብሪጁ ምሁር በ2001 እንዳመለከቱት፣ ደኅንነት ብዙ ጊዜ የሚላላው መጠበቅ የሚችለው ወገን ጉዳቱን የማይሸከመው ሲሆን ነው። አንዱ ምሳሌያቸው የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ነው። በአሜሪካ ደንበኛው «ይህን ገንዘብ አላወጣሁም» ሲል የማስረዳቱ ሸክም የባንኩ ነበር፤ በብሪታንያ ግን የደንበኛው ነበር፤ ቸልተኛ የሆኑትም የብሪታንያ ባንኮች ናቸው። ሁለት ሳምንት ራሴን እንደ ተበደለ ደንበኛ ስቈጥር ከርሜ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ባንኩ እኔ መሆኔን ያየሁት ባቡሩ ውስጥ ነው። ዝርዝሩ ቢወጣ እኔ የማጣው አንድ ጽሑፍ ነው። እማማ የሚያጡት ከዘመድ ጋር ያላቸውን ሰላም ነው። ከሁለታችን ስለ ቁልፉ የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ የመረጥሁትም ለራሴ የጥንቃቄ ስሜት የሚሰጠኝን ነው። መቸገሬን እንደ መጠበቅ ቈጠርሁት።

በአማርኛ በሰው እጅ ላለ የሌላ ሰው ነገር «አደራ» የሚል ስም አለን፤ የሚያጎድለውንም «አደራ በላ» እንለዋለን። ስድቡ ታስቦ የተፈጸመውን በደል ከግድየለሽነት አይለይም። ዱሮ ይህ የከበደ ፍርድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አመክንዮው ይታየኛል፤ ኪሳራውን ለአደራ ሰጪው ካሸከሙት ተቀባዩ የሚጠነቀቅበት ምክንያት ይሳሳል።

ዝርዝሩን በተመሰጠረ ዲስክ ላይ አዛወርሁ። የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳይመለስ አድርጌ አጠፋሁ። 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው አክስቴ ሰጠኋት። ፖስታው ምን እንደሚከፍት አታውቅም፤ ዲስኩም እርሷ ዘንድ የለም። የገምጋሚው ጥያቄ እንደተመለሰ ዝርዝሩ ይደመሰሳል። ለኮሚቴው የሆነውን ሁሉ ጽፌ አሳውቄአለሁ፤ ቅጹም ስለ ይለፍ ቃል ሳይሆን ስለ ዲስክ ምስጠራ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

ለእማማ ግን እስካሁን ያልሁት ነገር የለም። ስልክ የላቸውም፤ በሰው ብልክባቸውም ምሥጢራቸው መኖሩን ራሱ መግለጥ ይሆናል። ላፕቶፑ ወደ ልብስ ሳጥኑ ተመልሷል። ዲስክ የለውም፤ ማስነሻውን ስጫነው ግን ያንኑ ቃል ይጠይቀኛል።