አፍንጫ የሌላት መኪና በሐዋሳ

መኪና መውደድ በሽታ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ከሆነ እኔ ከተያዝኩ ቆይቻለሁ። ሰው ሐዋሳ ሲሄድ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ይበላል። እኔም እበላለሁ፤ ዓይኔ ግን ከሳህኑ ይልቅ ውጭ የቆሙት መኪኖች ላይ ነው። ከተማዋ ደግሞ ለዚህ ትመቻለች። መንገዷ ሰፊና ሜዳ ስለሆነ መኪናው ሲመጣ ፊቱን፣ ሲያልፍ ጎኑን፣ ሲርቅ ጀርባውን አጥግቦ ያሳያችኋል።

በቅርቡ እዚያው የሚኖሩ ባልና ሚስት ወዳጆቼ ለዳኝነት ጠሩኝ። ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ መኪና ላይ ሊያውሉት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል፤ እነሱም እንደዚያው። ባል ፎልክስዋገን አይዲ 4 አይቶ ልቡ ጠፍቷል። ሚስት ግን "ይቺማ አፍንጫ የላትም! ይህን ሁሉ ብር ከፍለን መሳቂያ ልንሆን ነው?" ብላ አኩርፋለች።

እስቲ እንፍረድ። መኪና ፊት ላይ ያለው ፍርግርግ መጀመሪያ የመጣው ለቁንጅና ሳይሆን ራዲያተሩ ነፋስ እንዲያገኝ ነው። ከፊት የሚጋል ሞተር ከሌለ ያን ያህል ፍርግርግ ምን ይሠራል? ደግሞስ አፍንጫ የሌላት መኪና መቼ ብርቅ ሆነችብን? አባቶቻችን የነዷት ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋም ነፋስ ስለነበር ፊቷ ልሙጥ ነበር። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አይዲ 4 የዚያው ቤት ልጅ ናት፤ ባለ አንድ ሞተሯም እንደ አያቷ የምትገፋው ከኋላ ነው።

ሐዋሳን የሞላው ባጃጅስ? የሱም ሞተር ከኋላ ነው። ዘሩ ከጣልያን ይመዘዛል፤ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ካወጣት "አፔ" ማለትም "ንብ" ከምትባለው ባለ ሦስት እግር። አፍንጫ የለውም ብሎ የሳቀበት ሰው ግን አላየሁም። ጠባብ ቦታ ላይ ይዞራል፣ በክፍት ጎኑ የሐይቁን ነፋስ ያስገባል። ለሐዋሳ ከዚህ በላይ ምን ቁንጅና አለ?

ስለዚህ ፊቷን ተዉትና ወደ ዝርዝሩ ግቡ። አንደኛ እጀታዋን እዩ። የአይዲ 4 እጀታ በሩን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ 98 ሺህ ያህሉን ለጥገና ጠርቷል፤ እጀታው ውስጥ ውሃ ገብቶ በሩ በጉዞ ላይ ሊከፈት ይችላል ተብሎ። ክረምቱን ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ ማዘዣዎቿ። በሾፌሩ በር ላይ ያሉት የመስኮት ማዘዣዎች ሁለት ብቻ ናቸው። የኋላውን መስኮት ለማውረድ መጀመሪያ ሌላ ምልክት መንካት አለባችሁ። ከግራ ባጃጅ ከቀኝ ብስክሌት በሚገባበት ከተማ ዓይን ከመንገድ የሚያስነቅል ነገር፣ ቢያምርም እኔ አልወደውም።

ሦስተኛ ጎማና ሆዷ። ትልቅ ቸርኬ ላይ የለበሰ ስስ ጎማ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ምቱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው። ባትሪው ደግሞ ከወለሏ ሥር ስለተነጠፈ፣ ጉብታ ላይ ሆዷ ቢፈገፍግ የሚጎዳው ዋናው ንብረት ነው።

ምክሬ ይኸው ነው፦ ከመክፈላችሁ በፊት ቤተሰቡን ሁሉ ጫኑና ኮብልስቶኑ ላይ ንዷት፣ ጉብታውንም በዝግታ አሳልፏት። ልጆቹ ከኋላ ሆነው በሩን ራሳቸው ይክፈቱ። ቁንጅናዋ ያኔ ይለያል።

ወዳጆቼ እስካሁን አልገዙም። ኩርፊያው ግን በርዷል፤ አሁን የሚከራከሩት ስለ ፊቷ ሳይሆን ስለ ሆዷ ነው።