ሥራ የፈታ ባል፣ ቪዛ የምትጠብቅ ሚስት እና የዋስ ፊርማ

በጋምቤላ አንድ ወንድ ሚስት ለማግባት የሚጠየቀው ሀብትና ያቺኑ ሚስት አሜሪካ ለማስገባት የሚጠየቀው ሀብት አይተዋወቁም። በኑዌር ዘንድ ጥሎሹ ከብት ነው። በአኙዋ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ ዶቃ ነበር፤ በጊዜ ብዛት ገንዘብም ገብቶበታል። ሁለቱም ጋ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ጥሎሹን ሙሽራው ብቻውን አይከፍለውም። አባት፣ አጎት፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ ያዋጣል። ወደ ሙሽሪት ቤት የገባውም እንዲሁ ለዘመድ ይከፋፈላል። ስለዚህ «ይህ ልጅ ሚስት ማኖር ይችላል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚታየው ከኋላው ያለው ወገን ነው።

የአሜሪካ ሕግ ግን የሚጠይቀው «አንተ ራስህ በዚህ ዓመት ስንት ታገኛለህ?» ብሎ ነው። ሥራ ላለው ሰው ጥያቄው የአንድ ወረቀት ጉዳይ ነው። ሥራ ለፈታ ሰው ግን ትዳሩን ሙሉ ያንጠለጥልበታል።

ባልየው ከጋምቤላ የወጣው በልጅነቱ ነው። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በአኙዋዎች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ወላጆቹ እንደ ብዙዎቹ ወደ ፖቻላ ተሻገሩ፤ ከዚያ ኬንያ፣ ከኬንያ ሚኒሶታ። አድጎ ዜግነት አገኘ፤ ስጋ ማቀነባበሪያ ውስጥ ተቀጠረ። በ2015 ዓ.ም. ጋምቤላ መጥቶ አገባ። ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ጋብቻው በባህሉ ተፈጸመ፣ በኋላም በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ተመዘገበ፣ ማመልከቻው ገባ፣ ዝምድናው ታመነበት። የገንዘብ ማስረጃው ሊቀርብ ወራት ሲቀሩት ባልየው ከሥራ ተቀነሰ።

ለሚስቱ ቶሎ አልነገራትም። «ወረቀቱ ገና ነው» ይላት ነበር። ጋምቤላ ያለው ቤተሰብ ዝምታውን በራሱ መንገድ ተረጎመው። አንዱ «ሌላ ሴት ይዟል» አለ፤ ሌላው «መጀመሪያውኑ ሊወስዳት አላሰበም» አለ። አባቷ በመጨረሻ ስልኩን ራሳቸው ተቀብለው «ልጄ፣ እውነቱን ንገረን፤ ችግር ከሆነ ችግር ነው» ሲሉት ነው የተናገረው። በእንዲህ ያለ ነገር ከሥራ ማጣቱ ይልቅ ትዳሩን የሚጎዳው መደበቁ ነው።

ቅጹ ምን ይላል?

ቅጹ አይ 864 ይባላል፤ የድጋፍ ቃል መግቢያ ነው። ዛሬ ያለውን ኃይል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ስፖንሰሩ ገቢው ከድህነት መለኪያው ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሰንጠረዥ ባልና ሚስት ብቻ ለሆኑ ሁለት ሰዎች ይህ በዓመት 26,437 ዶላር ነው። ሰንጠረዡ በየዓመቱ ይለወጣል፤ የቤተሰቡ ቁጥር ሲጨምርም ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አምና ግብር የከፈልኩበት ደሞዝ ይበቃል» ይላል። ያለፈው ዓመት የግብር ሰነድ ግዴታ ይቀርባል፤ የሚመዘነው ግን አሁን ያለው ገቢ ነው። አምና 45,000 ዶላር ያገኘ ሰው ዛሬ ሥራ ከሌለው ያ ወረቀት ብቻውን አያሻግረውም። በተቃራኒው አምና ምንም ያልነበረው ሰው ባለፈው ወር ከተቀጠረ፣ የአሠሪው ደብዳቤና የደሞዝ ወረቀት ይዞ መቅረብ ይችላል።

የሚስትየዋስ ደሞዝ? አይቆጠርም። የምትገባው ሰው ገቢ የሚታሰበው አሜሪካ ከገባች በኋላም ከዚያው ምንጭ የሚቀጥል ከሆነ ነው። የጋምቤላ የመምህርት ደሞዝ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ይቋረጣል። ለድሆች የሚሰጥ እንደ ምግብ ድጎማ ያለ የመንግሥት እርዳታም በገቢነት አይገባም።

ንብረት ቢኖርስ?

ገቢ የሌለው ሰው በንብረት ማካካስ ይፈቀድለታል። ስሌቱ ግን ከባድ ነው። ስፖንሰሩ ዜጋ ከሆነና የሚያመጣው ሚስቱን ከሆነ፣ የጎደለውን ገቢ ሦስት እጥፍ የሚያህል ንብረት ያሳያል። ምንም ገቢ ከሌለው 26,437 ሲባዛ በሦስት፣ 79,311 ዶላር ማለት ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ ደግሞ አምስት እጥፍ ነው፤ 132,185 ዶላር። ከስጋ ማቀነባበሪያ ደሞዝ ላይ ይህን ያህል ያጠራቀመ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

በተለይ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው። ባልየው በየወሩ ለሚስቱ፣ ለእናቱ ቤተሰብ፣ ለሁለት ታናናሽ ዘመዶቹ ትምህርት ይልክ ነበር። የሐዋላ ደረሰኞቹ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለማስረዳት ጠቅመዋል። የባንክ ሒሳቡን ባዶ ያደረጉትም እነሱ ናቸው። ለዘመድ ደግ የሆነ ሰው በቅጹ ላይ ድሃ ሆኖ ይወጣል።

ጋምቤላ ያለው ንብረትስ? ንብረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ሳይከስር ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ፣ ከአገር ሊወጣም የሚችል መሆን አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ በባሮ ዳር ያለ የበቆሎ ማሳ ምንም ያህል ቤተሰብ ቢመግብ በዶላር ዋጋ የለውም። ቤት ይሸጣል፤ ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቤቱ ዋጋ በብር ባለበት ከቆመ በዶላር ሲቆጠር ግማሽ ያህሉ ሄደ ማለት ነው።

ሃምሳ ሎሚ እዚህ አይሠራም

ባልየው ሥራ ማጣቱ ሲሰማ ወገን ተነሣ። ሚኒሶታ ያሉት «እያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ እንፈርምልህ» አሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ተፈጥሯዊ ሐሳብ ነው። ሕጉ ግን በዚህ መንገድ አይቀበልም። ከስፖንሰሩ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ዘመድ ገቢውን ከእርሱ ጋር መደመር ይችላል። ሌላ ቤት የሚኖር ሰው ግን ተባባሪ ስፖንሰር የሚሆነው ብቻውን መስፈርቱን ሲያሟላ ነው። የአሥር ዘመድ አምስት አምስት ሺሕ ዶላር ተደምሮ አንድ ስፖንሰር አይወጣውም።

ተባባሪው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለውና አሜሪካ የሚኖር መሆን አለበት። የሥጋ ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም። ባልየው የአጎቱን ልጅ ጠየቀ። የአጎቱ ልጅ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ የምትመጣዋ ሴት ስትጨመር አምስት ይሆናሉ። ለአምስት ሰው በ2025 ሰንጠረዥ 47,062 ዶላር ያስፈልጋል። የጭነት መኪና ሹፌር ነውና ያልፋል። ባልየውም ሥራ የለኝም ብሎ ከቅጹ አያመልጥም፤ ዋናው አመልካች እርሱ ስለሆነ የራሱን አይ 864 ገቢው ዜሮ ቢሆንም ሞልቶ ይፈርማል።

አቋራጩ

ሌላም ምክር መጣለት። «ገንዘብ እናበድርህ፤ ባንክ አስገባ፣ ወረቀቱን አውጣ፣ ከዚያ መልስልን።» ይህ ምክር በጋምቤላ ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ይሰማል። የባንክ ማስረጃ ሲቀርብ ግን የሚታየው የዕለቱ ቀሪ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ገቢና ወጪ ይታያል። ዓመቱን ሙሉ 600 ዶላር ሲንቀሳቀስበት የከረመ ሒሳብ በአንድ ሳምንት 80,000 ሲገባበት ጥያቄ ያስነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በደንብ መታወቅ አለበት። የገንዘብ ማስረጃ ስላነሰ የተከለከለ ቪዛ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ወረቀት እስኪቀርብ የታገደ ነው፤ ለማቅረብ አንድ ዓመት ይሰጣል። ሥራ ይገኛል፣ ተባባሪ ይገኛል፣ ይታረማል። ቪዛ ለማግኘት ተብሎ የቀረበ የሐሰት ማስረጃ ግን አመልካቹን ለዘለቄታው ሊያስከለክል ይችላል። ባልየው በሚኒሶታ የዋሸው ውሸት የሚያርፈው ጋምቤላ በተቀመጠችው መምህርት ላይም ጭምር ሊሆን ይችላል። ድህነት የሚያዘገይ ነገር ነው፤ ውሸት ግን በሩን ይዘጋል።

የአጎት ልጅ የፈረመው ምንድን ነው?

የአጎቱ ልጅ እሺ ለማለት አላመነታም። ያመነታችው ሚስቱ ናት። «ነገ ቢጣሉስ? ብትታመምስ? እኛ ቤት ልንገዛ እያሰብን አይደለም እንዴ?» አለችው። አንዳንዱ ዘመድ ቅር አለው፤ ክፉ ናት ያለም አልጠፋም። የጠየቀችው ግን በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ማንም ያልጠየቀውን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

አይ 864 ውል ነው። አማርኛው ለዚህ የቆየ ቃል አለው፤ ዋስ። መጪዋ በችግር ምክንያት ለድሆች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ብትወስድ፣ የሰጠው መሥሪያ ቤት ከስፖንሰሩ ማስመለስ ይችላል። እርሷ ራሷም ድጋፉን በፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። ውሉ የሚያበቃው ዜግነት ስታገኝ፣ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመት ሲቆጠርላት፣ ማለትም ወደ አሥር ዓመት ገደማ፣ ወይም ነዋሪነቷን ትታ አሜሪካን ለቅቃ ስትሄድ ነው፤ ሞትም ያፈርሰዋል። ፍቺ ግን አያፈርሰውም። ባልና ሚስት ቢለያዩም የአጎት ልጅ ፊርማ እንዳለ ይቆያል።

ይህን ሲሰሙ መሸሽ አይገባም። አዲስ ገቢ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት የፌዴራል ድጎማ ስለማያገኝ፣ ሠርቶ ለሚኖር ሰው የፈረመ ዋስ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይከፍል ያልፋል። ነገር ግን «ወረቀት ነው እንጂ ምን አለው» ብሎ ማስፈረም ዘመድን ማታለል ነው። ይህ ቤተሰብ የጋምቤላ ሽማግሌዎች ጥሎሽ ሲነጋገሩ እንደሚያደርጉት አደረገ፤ በስልክ ተሰብስቦ ተነጋገረ። ባልየው ያገኘውን ሥራ ሳይመርጥ እንዲይዝ፣ እርሷም እንደገባች እንድትሠራ፣ ችግር ቢመጣ መጀመሪያ የሚሸከሙት የባልየው ወንድሞች እንዲሆኑ ተስማሙ። ስምምነቱ በአሜሪካ ሕግ ፊት የዋሱን ኃላፊነት አይቀንስም። ዘመድ ከዘመድ እንዳይቀያየም ግን ይረዳል። የአጎቱ ልጅ ሚስትም «አሁን ይሁን» አለች።

ሌሎች በሮች

በጋምቤላ ሌላ መንገድ ያላቸውም አሉ። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት አሜሪካ የገባ ሰው፣ ጋብቻው ከመግባቱ ወይም ጥገኝነቱ ከመፈቀዱ በፊት የተፈጸመ ከሆነና በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከተ፣ ሚስቱን ያለ አይ 864 መጠየቅ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ጊዜው ያለፈበት ሰው ወደ ገንዘቡ መንገድ ይገባል። አገሮችም ይለያያሉ። ካናዳ ሚስቱን ለሚያመጣ ሰው በአብዛኛው ዝቅተኛ የገቢ መጠን አትጠይቅም፤ ከአካል ጉዳት ውጭ በሆነ ምክንያት የመንግሥት ድጎማ የሚወስደውን ግን ትከለክላለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 29,000 ፓውንድ ትጠይቃለች። በአንዱ አገር ሥራ ማጣት ትዳር ያስቆማል፤ በሌላው አያስቆምም።

የመምህርቷ ፋይል ሞላ። ከጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ የሕክምና ምርመራዋን አደረገች። ከዚያ ከጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት አቆመች። የተሰጠው ምክንያት አዲስ ገቢዎች የመንግሥት ድጎማ ጥገኛ ይሆናሉ የሚለው ሥጋት ነው። ለአንድ ባል ይቀርብ የነበረው ጥያቄ ለአገር ቀረበ ማለት ነው፤ እዚህ ደግሞ ተባባሪ ስፖንሰር አይቀርብም።

መንግሥት ሸክሙ ማን ላይ እንደሚያርፍ መጠየቁ በራሱ ነውር የለበትም፤ የጋምቤላ ሽማግሌም ይጠይቃል። ልዩነቱ ሽማግሌው ሰውየውን ከነወገኑ ማየቱ ነው። ያ ሕግ እስኪለወጥ ወይም እገዳው እስኪነሣ ድረስ በቤተሰብ እጅ ያለው ጥቂት ነው። ሥራ ማጣትን ከሚስት አለመደበቅ፣ ሒሳብን በብድር አለመሙላት፣ ለዋስ የሚፈርመውን ነገር በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት። «ነገ ቢጣሉስ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ስትገኝ ደግሞ ክፉ አለማለት። ፊርማው ሲመጣ ዕዳው የእርሷም ቤት ነው።